ሬይድ ቀይ ሲያበራ፦ ችግርና መፍትሄ

ኮምፒውተሩ ይሠራል፣ ፋይሎቹም ይከፈታሉ። ሁለት ሃርድ ዲስክ በሬይድ (ዲስኮችን አጣምሮ እንደ አንድ በሚያሠራ ዘዴ) የያዘው ሳጥን ግን ቀይ አብርቶ «ዲግሬድድ» (ጎድሏል) ይላል።

ምክንያቱ፦ ሬይድ 1 እያንዳንዱን ፋይል ሁለቱም ዲስክ ላይ ይጽፋል። አሁን አንደኛው ከጨዋታ ወጥቷል። ፋይላችሁ አለ፤ ተጠባባቂ ግን የለውም።

መፍትሄው፦ ሌላ ነገር ከመንካታችሁ በፊት የማይተካውን ፋይል ወደ ሌላ ዲስክ ገልብጡ። ሳጥኑ «ዲስኩን ኢኒሻላይዝ ላድርገው?» (ባዶ አድርጌ እንደ አዲስ ላዘጋጀው?) ካለ እሺ እንዳትሉ። ከዚያ የዲስኩን የስማርት መረጃ፣ ማለትም ዲስኩ ስለ ጤናው ራሱ የሚመዘግበውን ዝርዝር ክፈቱ። በዝርዝሩ ተራ ቁጥር 199 ላይ ያለው ቆጠራ (የዳታ ማስተላለፍ ስህተት) እየጨመረ ከሆነ ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው የዳታ ኬብሉ ነው። ቀይሩትና ተከታተሉ፤ የቆጠረው አይቀንስም፣ መጨመሩን ግን ማቆም አለበት። ተራ ቁጥር 5 እና 197 (የተበላሹና የተጠረጠሩ የዲስክ ክፍሎች ቆጠራ) ከጨመሩ ዲስኩ ራሱ እየሞተ ነው።

ከመንቀላችሁ በፊት የተበላሸውን ዲስክ ሲሪያል ቁጥር ጻፉ። እኔ አንድ ሌሊት በችኮላ ጤነኛውን ነቅዬ ላብ በላብ ሆኛለሁ። አዲሱ ዲስክ ከድሮው ማነስ የለበትም። ሲገባ ሳጥኑ የጤነኛውን ይዘት ሁሉ ይገለብጥበታል። በሴኮንድ 150 ሜጋባይት ቢጻፍ እንኳ 4 ቴራባይት ከ7 ሰዓት በላይ ይፈጃል። ስለዚህ ታገሱ።

መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ሳጥኑ ሁለቱን ዲስኮች እንደገና ማመሳሰል ይጀምራል? ፋይል ሲጻፍ መሃል ላይ ተቋርጦ አንዱ ጋ ደርሶ ሌላው ጋ ሳይደርስ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። መድኃኒቱ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ በባትሪ የሚያቆይ መሣሪያ) ነው። ግን ባትሪው ብቻውን አይበቃም፤ ዩፒኤሱን በዩኤስቢ ከሳጥኑ ጋር አገናኙት። ባትሪው ሳያልቅ ሳጥኑ ራሱን በሥርዓት እንዲያጠፋ ቅንብሩን አስተካክሉ። ብዙ ሰው ይህን ኬብል ከካርቶኑ እንኳ አያወጣውም።

የሠርግ ፎቶ በስህተት ተሰርዞ «ሁለተኛው ዲስክ ላይ ይኖራል» ብላችሁ ከሆነ፣ የለም። ሬይድ ስህተታችሁንም እኩል ይገለብጣል። ወዲያው መጻፍ አቁሙና በፋይል ማገገሚያ ፕሮግራም ሞክሩ፤ ዋስትና ግን የለውም። ባክአፕ ማለት ፋይሉ ተገልብጦበት ከሳጥኑ ተነቅሎ ሌላ ቤት የሚቀመጥ ዲስክ ነው።

ሬይድ 5 (ሦስትና ከዚያ በላይ ዲስክ ይዞ የአንዱን ሞት ብቻ የሚችል) ላይ አንድ ዲስክ ሞቶ ገና ሳይተካ ሁለተኛው ከሞተ፣ ከባክአፕ መመለስ ነው። ሬይድ 0 (ፋይሉን ቆራርጦ ዲስኮቹ ላይ የሚያከፋፍል) ላይ ደግሞ አንዱ መሞቱ ይበቃል፤ ስሙ ሬይድ ይባል እንጂ ለፍጥነት የተሠራ ነው፣ ተጠባባቂ የለውም።