ሰው ሲጠፋ በሰፈር የሚሠሩ ስህተቶች

በሐዋሳ ታቦር ክፍለ ከተማ፣ ሰው ሁሉ በሚተዋወቅበት በእኛ ሰፈር፣ አንድ ወጣት ከቤቱ ወጥቶ ሳይመለስ ከቀረ ዓመታት ተቆጥረዋል፤ ጉዳዩም እስከ ዛሬ እልባት አላገኘም። በወቅቱ የዕድሩ ጸሐፊ ስለነበርኩ ፍለጋውን ካስተባበሩት አንዱ ነበርኩ፤ ከዚህ በታች የማነሣቸውን ስህተቶች አብዛኛዎቹን የሠራናቸውም እኛው ነን።

የመጀመሪያው «24 ሰዓት ሳይሞላ ፖሊስ አይቀበልም» ብሎ መቀመጥ ነው። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ እንዲህ ያለ የጥበቃ ጊዜ አላስቀመጠም። በአንቀጽ 22 መሠረት ፖሊስ ወንጀል መፈጸሙን ሲያውቅ ወይም ሲጠረጥር፣ የደረሰው ጥቆማ አጠራጣሪ መስሎ ቢታየው እንኳ፣ ምርመራውን ማካሄድ አለበት። ስለዚህ ቤተሰብ ያሳሰበውን ነገር በዚያው ዕለት ማመልከት፣ ቃሉ በጽሑፍ መስፈሩንና ተነቦለት መፈረሙንም ማረጋገጥ ይገባዋል።

ከሁሉ የከፋው ስህተታችን ግን ምስክሮችን በአንድ ላይ ማነጋገራችን ነበር። በማግሥቱ ጎረቤቱ በሙሉ በወላጆቹ ግቢ ተሰብስቦ ቡና እየተፈላ ሳለ አንድ ሰው ልጁን ከቀኑ 11 ሰዓት ገደማ መናኸሪያው አካባቢ ሰማያዊ ጃኬት ለብሶ እንዳየው ተናገረ፤ ከመምሸቱ በፊት ያንኑ ጃኬት ያዩ ሦስት ሰዎች ተጨመሩ። ማንም የዋሸ አልነበረም፤ የሁሉም ቃል ከአንድ ጀበና ተቀድቶ ነበር እንጂ። ሁሉም የተስማሙበት ቀንም «የገብርኤል ዕለት» ማለትም ወሩ በገባ በ19 ነበር፤ በሐዋሳ ሰው ቀን የሚቆጥረው በገብርኤል ስለሆነ ይህ አልገረመንም። ከአራት ወር በኋላ የሰፈሩ ባለሱቅ ሒሳብ ሊያወራርድ የዱቤ ደብተሩን ሲገልጥ፣ በልጁ ስም ሥር በ20 ቀን የተጻፈ አንድ ሳሙናና ሁለት ዳቦ አገኘ። ስንፈልገው የከረምነው ከአንድ ቀን በፊት በነበረው መንገድ ላይ ነበር ማለት ነው። በዚህ መሐል የባጃጅ ሾፌሮቹ ረስተዋል፤ የካሜራ ቀረጻዎችም በአዲስ ተተክተዋል። እያንዳንዱን ምስክር ለየብቻው፣ ሌላው ሳይሰማ ማነጋገርና ቃሉን በራሱ አነጋገር መጻፍ ያስፈልጋል። ከዚያ በፊት ደግሞ በዕለቱ የተጻፈውን ነገር ሁሉ፣ የዱቤ ደብተሩን፣ የሆቴል የእንግዳ መዝገቡን፣ ቤተሰቡ እጅ ያለ የቴሌብር መልእክት ካለም እርሱን መሰብሰብ ይሻላል።

ክፍሉን ማጽዳትም ስህተት ነው። እናቱ «ሲመጣ ንጹሕ ይሁንለት» ብለው አንሶላውን አጥበው፣ በየኪሱ የነበረውን ብጣሽ ወረቀት ጥለዋል። ማን ይፈርድባቸዋል?

በሚለጠፈው ማስታወቂያ ላይ የጠፋበትን ቀን አለመጻፍና ሁሉንም መለያ መዘርዘርም ብዙ ያስከፍላል። ቀን የሌለው ፎቶ በቴሌግራም ሲዞር ይኖራል። በቁርጭምጭሚቱ ላይ ያለውን ጠባሳ ጭምር ስለጻፍን «ልጁ እኛ ጋር ነው፤ ለትራንስፖርት ብር ላኩ» እያሉ የሚደውሉ ሰዎች ጠባሳውን እየጠቀሱ አሳመኑን፤ ሁለት ጊዜም ላክን። ቤተሰብና ፖሊስ ብቻ የሚያውቁት አንድ ምልክት ሳይጻፍ መቅረት አለበት።

ሐዋሳ ወደ ሞያሌ በሚወስደው መንገድ ላይ በመሆኗ ወጣት ሲጠፋ «ደቡብ አፍሪካ ሄዶ ይሆናል፤ ሲደርስ ይደውላል» ይባላል። ብዙዎች በዚያ መንገድ ስለሄዱ ግምቱ መሠረት የለውም አይባልም፤ ነገር ግን ወደዚያ ሊሄድ የተነሣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ገንዘብ ይበደራል፣ ደላላ ያነጋግራል፣ ለአንድ ጓደኛው ይነግራል። ከእነዚህ አንዱም ሳይገኝ ስልክ መጠበቅ ፍለጋውን ማቆም ነው። እኛ ስድስት ሳምንት ጠብቀናል።

ለመጨረሻ ጊዜ አብሮት የታየውን ሰው በአደባባይ ወንጀለኛ ማድረግም አለ። ልጁን ያሳፈረው የባጃጅ ሾፌር በሐሜቱ ምክንያት ሰፈሩን ለቆ ሄደ፤ ጥፋተኛ ይሁን አይሁን አላውቅም፤ የሚያውቀውን ግን ይዞ ሄዷል።

በመጨረሻም ቤተሰቦች የመጥፋት ውሳኔ መጠየቅን ልጅን በቁሙ እንደ መቅበር ስለሚያዩት ይሸሹታል። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 154 መሠረት አንድ ሰው ጠፍቶ ለሁለት ዓመት ወሬው ካልተሰማ፣ ጉዳዩ የሚመለከተው ሰው መጥፋቱ እንዲታወጅ ፍርድ ቤትን መጠየቅ ይችላል፤ ሰውየው ተመልሶ ቢመጣም ንብረቱን ባለበት ሁኔታ መልሶ ይረከባል። ጥያቄው የሚቀርበው የጠፋው ሰው በመጨረሻ በዋናነት ይኖርበት በነበረው ቦታ ለሚገኘው ፍርድ ቤት ነው፤ በመሆኑም የልጃቸውን ሻንጣ ይዘው ወደ ሶዶ የተመለሱት ወላጆቹ ለዚህ ጉዳይ እንደገና ሐዋሳ ድረስ መምጣት ነበረባቸው።