የእናታችሁን ክኒን ማን እንደሠራው ከውጭ አገር ሆኖ ለማወቅ

«ለእማዬ የተገዛው መድኃኒት የየት ነው?» ብላችሁ የምትጠይቁኝ በዝታችኋል፣ እዚሁ ልመልስ።

የክኒኑ ፎቶ ብቻውን ብዙ አይረዳም። አሜሪካ የሚሸጥ ክኒን ላይ መለያ መቀረጹ በሕግ ግዴታ ነው፤ ክብ ሮዝ ሊሲኖፕሪል (የደም ግፊት መድኃኒት) ላይ «ሉፒን» የሚል ካያችሁ የህንዱ ሉፒን ሥራ ነው። አዲስ አበባ የሚገዛው ግን ብዙ ጊዜ ልሙጥ ነው። ስለዚህ ካርቶኑንና ክኒኑ የተደረደረበትን እሽግ ጀርባ ፎቶ አስነሱ። የምትፈልጉት «ማኑፋክቸርድ ባይ» የሚለውን ነው፣ አምራቹ እሱ ነው፤ «ማርኬትድ ባይ» ሻጩ ነው። ባች ቁጥሩ (አብሮ የተመረተው ዙር መለያ) ካርቶኑም እሽጉም ላይ አንድ ይሁን። በመቀስ ተቆርጦ የተሸጠ ከሆነ ቁጥሩ ያለበት ጫፍ ሌላ ሰው ቤት ሊሆን ይችላል። ደግሞ የሚያበቃበት ቀን በፈረንጅ ነው፤ 2025 የሚለውን በእኛ አቆጣጠር ያነበበ ሰው ገና ሰባት ዓመት ይቀረዋል ብሎ ያስቀምጠዋል።

አሠራሩ ይኸው ነው። አሁን ወደ ሰው እንምጣ።

ብር የሚቀበለው ሰው ፎቶ አንሺ አይሁን። ለእናቴ የግፊት መድኃኒት ውዱን የአውሮፓ ምርት ነበር የማስገዛው፣ ገዢው የአክስቴ ልጅ። በየወሩ ፎቶ ይመጣል። አንድ ቀን አስተያየኋቸው፤ ባች ቁጥሩ ያው፣ ካርቶኑ ጠርዝ ላይ ያለችው የቡና ጠብታ እንኳን ያው! ለካ አሮጌ ካርቶን እያነሳ ርካሹን ይገዛ ነበር። ስጠይቀው «ያው መድኃኒት አይደል እንዴ?» አለኝ። አክስቴ ደውላ «ልጄን ሌባ አደረግሽው» ብላ አኮረፈች፣ ሽማግሌ ሁሉ ገባበት። የባሰው እናቴ ናት፣ ታውቅ ነበር። ሐኪም ቤት የሚወስዳት እሱ ስለሆነ ዝም አለች።

ርካሹ ሁሉ ውሸት ነው አልልም፤ የተመዘገበ ከሆነ የህንዱም የአገር ውስጡም ይሠራል። ያበሳጨኝ ሐኪሟ በማትወስደው መድኃኒት ስም መጠን ሲቀይርላት መክረሙ ነው።

እኔ አሁን የማምነው የጎረቤት ተማሪ ልጅ ነው፣ ብሩ በእጁ አያልፍም። ክፍያው በቀጥታ ለፋርማሲው፣ ደረሰኙ ለእኔ። ፎቶው ከዛሬ ደረሰኝ ጋር አብሮ ይነሳል፣ አለበለዚያ አልቀበልም። ባዶውን እሽግ አትጣሉ በሏቸው፣ ሐኪሙ ይየው። መድኃኒቱ ራሱ ካጠራጠራችሁ እዚያ ያለ ሰው በ8482 ለምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ይደውል። ለአክስት አይደለም።