ለጀማሪ ፎቶ ስታስተምሩ ከጀበናው ጀምሩ

ደሴ ውስጥ ለሰባት ወጣቶች የሁለት ሰዓት የፎቶግራፍ ትምህርት እንድሰጥ ስጠየቅ ሌሊቱን ስዘጋጅ አደርኩ። ጠዋት የሌንሱን ቀዳዳ፣ የሻተሩን (ብርሃን የሚያስገባውን መዝጊያ) ፍጥነትና አይኤስኦን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ትብነት) በሰሌዳው ላይ በሦስት ማዕዘን ሣልኩ። በቀዳዳው መለኪያ ኤፍ 2.8 ከኤፍ 8 የሚሰፋው ለምን እንደሆነ ሳስረዳ 40 ደቂቃ አለፈ። ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል ብሎ ማሳመን ለካ ቀላል አይደለም! ከኋላ የተቀመጠች ልጅ እጇን አውጥታ «ጋሼ፣ መቼ ነው የምናነሳው?» አለችኝ። ከሰባቱ አምስቱ የያዙት ስልክ ነበር፤ የአብዛኛው ስልክ ቀዳዳ ደግሞ ጭራሹን አይሰፋም፣ አይጠብም።

በሁለተኛው ዙር ሰሌዳውን ትቼ ቡና የሚፈላበት ቤት ለመንኩ። እናንተም አንድ መስኮት ያለው ክፍል ፈልጉና አምፖሉን አጥፉ፤ የአምፖል ቢጫ ከመስኮት ብርሃን ጋር ሲደባለቅ የሰው ፊት መልክ ያጣል። ጀበናውን ከመስኮቱ አጠገብ አስቀምጡና እያንዳንዱ ተማሪ ሦስት ጊዜ ያንሳው፦ መጀመሪያ መስኮቱን ከራሱ ጀርባ አድርጎ፣ ቀጥሎ ከጎን፣ በመጨረሻም ወደ መስኮቱ ዞሮ። ምን እንደሚያዩ ቀድማችሁ አትንገሯቸው። በመጀመሪያው ፎቶ ጀበናው ከወረቀት የተቆረጠ ይመስላል። ከጎን ሲነሳ ሆዱ ይከብባል፣ የሸክላው ሻካራነት ይወጣል። ሦስተኛው ጥቁር ጥላ ብቻ ነው፤ ነገር ግን ከጎኑ የሚጨሰው ዕጣን ድንገት ያበራል። እኔ የማውቀውን ሁሉ ብነግራቸው ይህን ያህል አይገባቸውም ነበር።

ቀጥሎ ነጠላ የለበሱ ሴት በመስኮቱ አጠገብ ይቀመጡ። ካሜራ ያየውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ ሊያደርግ ይሞክራል፤ ስለዚህ ነጠላው ፎቶውን ከሞላው አመድማ ይሆናል፣ ፊታቸውም ይጠቁራል። ስልክ የያዘ በስክሪኑ ላይ ፊታቸውን በጣቱ ይንካና ብርሃኑን ከፍ ያድርግ። ካሜራ የያዘ የብርሃን ማስተካከያውን ወደ +1 ያምጣው።

ወደ ውጭ የምትወጡ ከሆነ እኩለ ቀንን ሽሹ። ደሴ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነች በዓመቱ አብዛኛው ጊዜ የ6 ሰዓት ፀሐይ ከአናት በላይ ናት፤ ዓይን ጉድጓድ ይመስላል። ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት ወይም ከ10 ሰዓት በኋላ ይሻላል። ከጦሳ ተራራ ጭጋግ ቢወርድ ግን ትምህርቱን አትሰርዙ፤ ጭጋግ ብርሃኑን በትኖ ፊት ያለሰልሳል፣ በነጻ የተገኘ ስቱዲዮ ነው።

ባቲ የሰኞ ገበያ ጀማሪዎችን መውሰድ የእኔ ስህተት ነበር። በሰው ጀርባ ተከልለው ከሩቅ ሲያነሱ አንድ አዛውንት በሚገባ ተቆጧቸው፤ እውነታቸውን ነው። መጀመሪያ ሰላምታ፣ ከዚያ «አባባ፣ አንድ ፎቶ ላንሳዎት?» ማለት እዚያው ቡና በሚፈላበት ቤት ውስጥ መለማመድ ያለበት ትምህርት ነው።

በመጨረሻዎቹ 20 ደቂቃዎች እያንዳንዱ አንድ ፎቶ ይምረጥ፣ ለምን እንደመረጠም ይናገር። ያቺ «መቼ ነው የምናነሳው?» ያለችኝ ልጅ በሁለተኛው ዙርም መጥታ ነበር። የመረጠችው ጥቁሩን ጀበና ነው። ጭሱ ግን እንደ ጥጥ ተድበስብሶባት ኖሮ «ጋሼ፣ ክሩ ክሩ እንዲለይ ምን ላድርግ?» ብላ ካሜራዋን ዘረጋችልኝ። የሻተሩ ፍጥነት 1/15 ሰከንድ ላይ ነበር። ወደ 1/125 እንድታመጣው ነገርኳትና ሰሌዳውን ፍለጋ ሄድኩ።