የተዋሱት መጽሐፍ ከዘገየ ወይም ከጠፋ በኋላ ወደ ሕዝብ ቤተ መጻሕፍት እንዴት ይመለሳሉ?

ከሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የተዋሱት መጽሐፍ የመመለሻ ቀኑ ካለፈ ዓመታት ተቆጥረው ይሆናል። መጀመሪያ ላይ ነገሩ ተራ መዘንጋት ነበር፤ ቀጥሎ «ነገ እወስደዋለሁ» መባል ተጀመረ፤ ከዚያ በኋላ ግን መጽሐፉን ባዩት ቁጥር ቅጣቱ ስንት ደርሶ ይሆን የሚለው ሐሳብ እየከበደ ሄዶ በቤተ መጻሕፍቱ በር ማለፍ ራሱ የሚያሳቅቅ ሆነ። አደራ በላ መባልን የሚፈራ ሰው መጽሐፉን ብቻ ሳይሆን ራሱንም ያርቃል። በውሰት ጠረጴዛ ላይ ስሠራ ከሁሉ ይበልጥ ያሳዘነኝ ይህ ነበር፤ መጽሐፍ ቢጠፋ አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ቅጂ ይገዛል፣ በአንድ መጽሐፍ ምክንያት እግሩን የሰበሰበ አንባቢ ግን በምንም አይተካም።

አንድ ቀን አንዲት እናት በጋዜጣ የተጠቀለለ መጽሐፍ ይዘው መጡና ከጥቅሉ አውጥተው ሽፋኑን ወደ ታች ደፍተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። እጃቸውን ከላዩ ሳያነሱ ስለ ቤት መቀየር፣ ስለ ሕመም፣ ስለ ጠፋ ካርድ በዝርዝር ያስረዱኝ ጀመር። እያዳመጥኳቸው ባርኮዱን ሳስነብበው ኮምፒውተሩ ምንም መረጃ አላመጣም፤ መጽሐፉ ከረጅም ጊዜ በፊት ከካታሎግ ተሰርዟል፣ በስማቸው የነበረው ሂሳብም አብሮ ተዘግቷል። ያን ሁሉ ዓመት የፈሩት ዕዳ አልነበረም። እርግጥ ሁሉም ጉዳይ እንዲህ በቀላሉ አያልቅም፤ ሆኖም ሳያጣሩ በግምት የሚፈሩት ዕዳ ከእውነተኛው እጅግ የገዘፈ ሆኖ ሲገኝ ደጋግሜ አይቻለሁ፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ማጣራት ነው።

ለማጣራት ደግሞ ቤተ መጻሕፍቱ ስለ አንድ የዘገየ መጽሐፍ ምን እንደሚመዘግብ ማወቅ ይረዳል። የመመለሻው ቀን ሲያልፍ ቤተ መጻሕፍቱ በቅድሚያ ማስታወሻ ይልካል፤ እንደየቤተ መጻሕፍቱ ደንብ ጥቂት ሳምንታት ወይም ወራት ካለፉ በኋላ ግን መጽሐፉ ማንም ሰው ሳይነካው በኮምፒውተሩ «የጠፋ» ተብሎ ይመዘገብና ዋጋው በተዋሹ ሂሳብ ላይ ይጫናል። አባላትን የሚያስደነግጠው ትልቁ ቁጥር ብዙውን ጊዜ ይኸው የመጽሐፉ ዋጋ ነው። ሂሳቡ ሦስት የተለያዩ ነገሮችን ሊይዝ ይችላል፤ አንደኛው በየቀኑ የተቆጠረ የመዘግየት ቅጣት ነው፣ ሁለተኛው የመጽሐፉ ዋጋ ነው፣ ሦስተኛው ደግሞ ምትክ መጽሐፍ ለመመዝገብ፣ ባርኮድና መለያ ለመለጠፍ፣ ሽፋን ለማልበስ የሚጠየቅ የአገልግሎት ክፍያ ነው። መጽሐፉ በደህና ሁኔታ ሲመለስ በብዙ ቦታ ሁለተኛው ይሰረዛል፤ አንደኛውና ሦስተኛው ግን እንደየደንቡ ሊቀሩም ሊሰረዙም ይችላሉ። «ዕዳዬ ስንት ነው?» ብለው ከሚጠይቁ ይልቅ «ከዚህ ውስጥ ቅጣቱ ስንት ነው? የመጽሐፉ ዋጋስ ስንት ነው? መጽሐፉን ብመልስ የትኛው ይነሳልኛል?» ብለው ቢጠይቁ የሚያገኙት መልስ እጅግ የተለየ ይሆናል።

የመዘግየት ቅጣቱ ራሱ ዛሬ እርስዎ በተዋሱበት ጊዜ እንደነበረው ላይሆን ይችላል። የአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት ማኅበር እ.ኤ.አ. በጥር 2019 ባወጣው የአቋም መግለጫ የገንዘብ ቅጣት የማኅበራዊ ኢፍትሐዊነት አንዱ መልክ መሆኑን አምኖ ቤተ መጻሕፍት እንዲተዉት ጠይቋል። አየርላንድ በዚያው ዓመት መጀመሪያ በሕዝብ ቤተ መጻሕፍቷ ቅጣቱን አስቀርታለች፤ ሳን ፍራንሲስኮና ቺካጎ በዚያው ዓመት፣ የኒው ዮርክ ከተማ ሦስቱም የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ተቋማት ደግሞ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2021 ተከትለዋል። በቺካጎ ቅጣቱ ከተነሳ በኋላ በነበሩት ሳምንታት የሚመለሱት መጻሕፍት ብዛት ከእጥፍ በላይ ማደጉ ተገልጿል፤ በየቤቱ መጻሕፍቱን አፍኖ የያዘው ንዝህላልነት ብቻ ሳይሆን ፍርሃትም እንደነበረ ከዚህ መረዳት ይቻላል። ይሁን እንጂ ቅጣት ቀረ ማለት የጠፋ መጽሐፍ ዋጋ ቀረ ማለት አይደለም፤ የዘገየውን ያለ ቅጣት የሚቀበሉ ቤተ መጻሕፍትም ለጠፋው ምትክ ወይም ዋጋውን ይጠይቃሉ። ሌሎች ደግሞ ቅጣቱን ሙሉ በሙሉ ባያነሱም በዓመት ውስጥ የተወሰኑ ሳምንታትን የምሕረት ጊዜ ብለው ስለሚያውጁ፣ ከመሄድዎ በፊት እንዲህ ያለ ጊዜ መቅረቡን መጠየቅ ተገቢ ነው።

ይህን ሁሉ ከቤትዎ ሳይወጡ ማጣራት ይችላሉ። የካርድ ቁጥርዎና የይለፍ ቃልዎ ካለ ሂሳብዎን በቤተ መጻሕፍቱ ድረ ገጽ ላይ ይመልከቱ፤ ከሌለ ስልክ ይደውሉ። ስምዎን ለመናገር ገና ካልደፈሩ ሳይናገሩም «ከብዙ ዓመት በፊት የተዋስኩትን መጽሐፍ ብመልስ ደንባችሁ ምን ይላል?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል፤ ጥያቄው ለባለሙያዎቹ አዲስ አይደለም።

መጽሐፉ ከጠፋ ደግሞ የመጨረሻ ፍለጋ ያድርጉ፤ ፍለጋው ግን የሚያስታውሱትን ቦታ ደጋግሞ ማየት መሆን የለበትም። የጠፉ መጻሕፍት ብዙ ጊዜ የሚገኙት ተመሳሳይ መጠን ካላቸው መጻሕፍት መካከል፣ ከመደርደሪያው ጀርባ ወድቀው፣ በመኪና መቀመጫ ሥር፣ ከጉዞ በኋላ ባልተፈታ ሻንጣ ውስጥ፣ ወይም በአልጋና በግድግዳ መካከል ነው። የልጅ መጽሐፍ ከሆነ የትምህርት ቤቱን ቤተ መጻሕፍት ይጠይቁ፤ የሁለቱም ቤተ መጻሕፍት መጻሕፍት ማኅተምና ባርኮድ ስላላቸው የአንዱን ለሌላው መመለስ ከሚጠበቀው በላይ የተለመደ ስሕተት ነው።

«እኔ እኮ መልሼዋለሁ» ብለው በእርግጠኝነት የሚያስታውሱ ከሆነም ይህን ለመናገር አይፈሩ። በተጣደፈ ቀን አንድ መጽሐፍ መመለሱ ሳይመዘገብ ቀጥታ ወደ መደርደሪያ ሊሄድ ይችላል፤ በራሴም እጅ እንዲህ ያመለጠ መጽሐፍ ነበረ። የመጽሐፉን ርዕስ፣ የሽፋኑን ቀለም፣ በግምት መቼና በየትኛው ቅርንጫፍ እንደመለሱት፣ ለሰው ሰጥተው ወይም በመመለሻ ሣጥን ከተው እንደነበረ ይንገሩ። ባለሙያው መጽሐፉ በተመደበለት ቦታ ብቻ ሳይሆን ከጎንና ከጎን ባሉት መደርደሪያዎች፣ ለጥገና በተለዩት መካከልና በሌሎች ቅርንጫፎች እንዲፈለግ ማድረግ ይችላል። ብዙ ቤተ መጻሕፍት «ተመልሷል የተባለ» የሚል ልዩ ምዝገባ ስላላቸው ፍለጋው እስኪያልቅ ድረስ ክፍያው እንዲቆም መጠየቅ መብትዎ ነው።

መጽሐፉ ከተገኘ ከመውሰድዎ በፊት ገጾቹን አንድ በአንድ ያገላብጡ። ፎቶግራፍ፣ ደብዳቤ፣ የሐኪም ወረቀት፣ አንዳንዴም ገንዘብ በመጻሕፍት መካከል ይቀራል፣ ባለቤቱንም ለማግኘት ሁልጊዜ አይቻልም። የተቀደደ ገጽ ካለ በተራ ፕላስተር አይለጥፉት፤ ሙጫው ከጊዜ ጋር ቢጫ እየሆነ ወረቀቱን ስለሚጎዳና ለማንሳት ስለሚያስቸግር ጠጋኙ ከቀዳጁ የባሰ ጉዳት ያደርሳል። የወለቀውን ገጽ በቦታው አስገብተው «ይህ ወልቋል» ብለው መናገር ይበቃል። መጽሐፉ እርጥበት አግኝቶት ከሻገተ ግን ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ በፕላስቲክ ከረጢት አሽገው ይውሰዱት፣ በመመለሻ ሣጥኑም አይክተቱት፤ ሻጋታው በሣጥኑ ውስጥ ወዳሉት ሌሎች መጻሕፍት ሊዛመት ይችላልና። እንዲህ ያለውን መጽሐፍ ቤተ መጻሕፍቱ መልሶ መደርደሪያ ላይ ስለማያስቀምጠው እንደ ጠፋ ሊቆጠር እንደሚችልም ይጠብቁ።

መጽሐፉን በምሽት ሣጥኑ ውስጥ ጥሎ መሄድ የሚመርጡ ብዙዎች ናቸው። መጽሐፉ ፈጽሞ ሳይመለስ ከሚቀር ይህም መልካም ነው፤ ነገር ግን በዚህ መንገድ የሚመለሰው መጽሐፉ ብቻ ነው። ሂሳብዎ ላይ የቀረ ነገር ካለ እዚያው ይቆያል፣ ካርድዎም እንደታገደ ይቀጥላል። ወደ ሩቅ ቦታ የተዛወረ ሰው ግን በፖስታ ቢልክ፣ ስሙንና የቀድሞ የካርድ ቁጥሩን የያዘ አጭር ደብዳቤ ከውስጥ ቢያኖርና የመላኪያውን ደረሰኝ ቢያስቀምጥ ጉዳዩ ሊዘጋለት ይችላል።

በአካል የሚሄዱ ከሆነ ሰልፍ የማይበዛበትን ሰዓት ይምረጡ፤ በሩ እንደተከፈተ፣ ልጆች ከትምህርት ቤት በሚወጡበት ሰዓትና ሊዘጋ ሲል ባይሆን ይመረጣል። መታወቂያዎንና አሮጌውን ካርድ ይያዙ። ጠረጴዛው ዘንድ ሲደርሱ ረጅም ማብራሪያ አያስፈልግም፤ «ይህን መጽሐፍ ከብዙ ጊዜ በፊት ተውሼው ሳልመልስ ቀርቻለሁ፤ ይቅርታ እጠይቃለሁ። መመለስና ካርዴን እንደገና መጠቀም እፈልጋለሁ፤ ምን ማድረግ አለብኝ?» ማለት ሙሉ ነው። እነዚህ ዓረፍተ ነገሮች ባለሙያው ማወቅ የሚፈልገውን ሁሉ ይነግሩታል። የዘገዩበትን ምክንያት መናገር የሚጠቅመው ክፍያ እንዲቀነስ ሲጠይቁ ነው፤ ሕመም፣ ሐዘን፣ የቤት ቃጠሎ ወይም ስርቆት ካለ ያን ጊዜ በአጭሩ ይናገሩ፣ ማስረጃ ካለዎትም ያሳዩ። የመጽሐፉ ባርኮድ እስኪነበብና መመለሱ በሂሳብዎ ላይ እስኪታይ ድረስ ከጠረጴዛው አይራቁ፣ ደረሰኝም ይቀበሉ። በሥራ ላይ ያለው ሰው ቢያመናጭቅዎት ጉዳዩን በዚያ አይተዉት፤ ክፍያ የመቀነስ ሥልጣኑ አብዛኛውን ጊዜ ያለው ከኃላፊው ዘንድ ስለሆነ ኃላፊውን ለማነጋገር በትሕትና ይጠይቁ።

መጽሐፉ በእርግጥ ጠፍቶ ከሆነ ከሁሉ አስቀድሜ የማስጠነቅቀው፣ ሳይጠይቁ ምትክ ገዝተው እንዳይሄዱ ነው። አንዳንድ ቤተ መጻሕፍት ምትክ ቅጂ በደስታ ይቀበላሉ፤ አንዳንዶቹ አዲስ ብቻ ይቀበላሉ፤ አንዳንዶቹ ደግሞ ግዥያቸው በራሳቸው አቅራቢ በኩል ብቻ ስለሆነ ገንዘቡን እንጂ መጽሐፉን አይወስዱም። ምትክ ከተፈቀደልዎ ዓለም አቀፍ የመጽሐፍ መለያ ቁጥሩን (ISBN) ያስጽፉ፤ ከ2007 እ.ኤ.አ. ወዲህ የታተሙት 13 አኃዝ ያለው፣ ከዚያ በፊት የነበሩት ደግሞ ቁጥሩ ካላቸው 10 አኃዝ ያለው ነው፣ ብዙውን ጊዜም በኋላው ሽፋን ላይ ይገኛል። ደረቅና ለስላሳ ሽፋን የተለያየ ቁጥር ስላላቸው ቁጥሩ ከተገጣጠመ ስሕተት አይፈጠርም።

በምትክ ዕዳ ለመክፈል የጊዜ ርዝመት እንቅፋት እንደማይሆን የሚያሳይ አንድ የታወቀ ታሪክ አለ። የአሜሪካ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ጆርጅ ዋሽንግተን እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1789 ከኒው ዮርክ ሶሳይቲ ቤተ መጻሕፍት በስማቸው የተመዘገበ አንድ የሕግ መጽሐፍ ሳይመለስ ቀርቶ ነበር። የቀድሞ መኖሪያቸውን የሚያስተዳድሩት ሰዎች ዋናውን ቅጂ ሊያገኙት ስላልቻሉ የዚያንኑ እትም ሌላ ቅጂ ፈልገው እ.ኤ.አ. በ2010 ለቤተ መጻሕፍቱ አስረከቡ፤ ቤተ መጻሕፍቱም ከ220 ዓመት በኋላ ያለ ቅጣት ተቀበለ። የሟች ወላጆቻቸውን ዕቃ ሲለዩ የቤተ መጻሕፍት ማኅተም ያለበት መጽሐፍ ያገኙ ልጆችም በዚሁ መንፈስ ይዘውት ቢመጡ የሚጠብቃቸው ምስጋና ነው።

መጽሐፉ ከሌላ ቤተ መጻሕፍት በውሰት የመጣ ከነበረ ዋጋውን የሚወስነው ባለቤቱ ቤተ መጻሕፍት ስለሆነ መልሱ ሊዘገይ ይችላል። ዋጋውን ከፍለው ካበቁ በኋላ መጽሐፉ ቢገኝ ገንዘቡን በተወሰነ ጊዜ ውስጥ የሚመልሱ አሉ፤ ይህ የሚሆነው ግን ደረሰኙ ካለ ነው።

መክፈል ካልቻሉ ይህንኑ በግልጽ ይናገሩ። በየጊዜው ጥቂት ጥቂት መክፈል፣ ከፊሉን ማስቀነስ፣ ወይም ከፊሉ እንደተከፈለ ካርዱ እንዲከፈት መጠየቅ ይቻላል። የሎስ አንጀለስ ካውንቲ ቤተ መጻሕፍት ወጣቶች ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ተቀምጠው ባነበቡ ቁጥር ዕዳቸው እንዲቀንስላቸው ያደረገበት አሠራር ነበረው፤ እኔ እስከማውቀው ድረስ ለልጅ ከዚህ የተሻለ አከፋፈል አልታሰበም። ዕዳው በልጅዎ ካርድ ላይ ከሆነ ልጁን ይዘው ይሂዱ፣ እርሱ ራሱ መጽሐፉን ለባለሙያው በእጁ ይስጥ፤ ቤት ውስጥ የተቆጡትንም ጠረጴዛው ፊት አይድገሙት።

ጉዳዩ ሲያልቅ ሂሳብዎ ላይ ምንም እንዳልቀረ ባለሙያው በስክሪኑ እንዲያሳይዎት ይጠይቁ፤ ተቀይሮ ሊሆን የሚችለውን ስልክና ኢሜይልዎንም ያስተካክሉ፣ ምክንያቱም ብዙ ማስታወሻ የሚጠፋው ወደ አሮጌ አድራሻ ስለሚላክ ነው። ከዚያ ሳይወጡ አንድ መጽሐፍ ይዋሱ። ብዙ ሳይሆን አንድ። የመመለሻውን ቀን በስልክዎ ይመዝግቡ፣ ሌላ ሰው ካልጠበቀው ጊዜው ሊታደስ እንደሚችልም ይወቁ፣ ቤት ሲደርሱም መጽሐፉን ከራስዎ መጻሕፍት ጋር ሳይቀላቅሉ ወደ ውጭ ሲወጡ በሚያዩት ቦታ፣ ከበሩ አጠገብ ያስቀምጡት።