ማሞቂያው ይነፋል፣ ግን አይሞቅም፦ በአርቪ ወደ ገና ጉባኤ ለሚጓዙ ችግርና መፍትሄ

በየዓመቱ ከታኅሣሥ 14 እስከ 17 ስልኬ አያስተኛኝም። የእኛ ገና ታኅሣሥ 29 ቢሆንም አሜሪካ ውስጥ ሥራና ትምህርት ቤት የሚዘጋው በፈረንጆቹ ገና ነው፤ ስለዚህ የኅብረት ጉባኤዎቻችንም እዚያው ሳምንት ላይ ይወድቃሉ። ከሲልቨር ስፕሪንግና ከአሌክሳንድሪያ ሦስት አራት ቤተሰብ ገንዘብ አዋጥቶ አርቪ፣ ማለትም መኝታና ማብሰያ ያለው የጉዞ መኪና ይከራያል፣ ድፎ ዳቦውንና የዶሮ ወጡን ድስት ይጭናል፣ በአይ 68 አውራ ጎዳና ተራራውን አቋርጦ ወደ ኮለምበስ፣ ኦሃዮ ይነዳል። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ደግሞ ጋቢ የለበሰ ሰው ከበረዶ መሃል ይደውልልኛል።

የጋዝ ሲሊንደሩ ባዶ አለመሆኑን፣ የሙቀት መቆጣጠሪያው ማሞቂያ ላይ መደረጉን፣ የባትሪው ዋና ማብሪያ መከፈቱን አይታችኋል ብዬ እጀምራለሁ። ያላየ ሰው ንባቡን አቁሞ ያንን ይይ።

ማራገቢያው ይሠራል፣ የሚወጣው አየር ግን ቀዝቃዛ ነው

አብዛኛው ጥሪ ይህ ነው። ከጠሪዎቹም አብዛኞቹ ወይ ጋዙን ይከሳሉ ወይ ማሞቂያውን። ጥፋቱ ግን ብዙውን ጊዜ የባትሪው ወይም የገመዱ ነው።

የአርቪ ማሞቂያ የሚነደው በፕሮፔን ቢሆንም የሚታዘዘው በ12 ቮልት ነው። መጀመሪያ ማራገቢያው ይነሣል። በቂ ነፋስ ሲመጣ ውስጥ ያለችውን ቀጭን ምላስ ይገፋና አንዲት ትንሽ ማብሪያ ኤሌክትሪኩን ታገናኛለች። እርሷ ካላገናኘች ጋዙ አይለቀቅም፣ የእሳት ብልጭታም የለም። ባትሪው ሲደክም ማራገቢያው ይዞራል፣ ግን ያቺን ምላስ የሚገፋ ጉልበት አይኖረውም። ተጓዡ የማራገቢያውን ድምፅ ሰምቶ «ኤሌክትሪኩስ ደህና ነው» ይላል። ስህተቱ እዚህ ላይ ነው።

ስለዚህ አዳምጡ። ማራገቢያው ከተነሣ በኋላ ግማሽ ደቂቃ ያህል ጠብቁ። የብልጭታው «ጠቅ ጠቅ» ጨርሶ ካልተሰማ ችግሩ ቮልቱ ወይም ያቺ ማብሪያ ናት። ጠቅ ጠቅ ብሎ ካልነደደ ጋዙን ጠርጥሩ። ነድዶ ከጥቂት ሴኮንድ በኋላ ከጠፋ እሳቱን የሚያውቀው ዘንግ ቆሽሿል ወይም ተጣሟል። ማራገቢያው ጭራሽ ካልተነሣ ፊውዙን ተመልከቱ።

አሁን ቴስተር፣ ማለትም የቮልት መለኪያ አውጡ። ሃያ ዶላር የማይሞላ ዕቃ ሳይይዙ ስምንት ሰዓት የሚነዱ ሰዎች ያናድዱኛል። ሞተሩ ጠፍቶ፣ ባትሪው ትንሽ ካረፈ በኋላ ለኩ፤ ሙሉ የሆነ የእርሳስ ባትሪ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል፣ 12.1 ከሆነ ግማሹ አልቋል። ከዚያ ማሞቂያውን አስነሥታችሁ እዚያው ማሞቂያው ላይ፣ ገመዱ የሚገባበት ቦታ ለኩ። ባትሪው ላይ 12.4 እያለ ማሞቂያው ጋ 10.8 ብቻ ከደረሰ መሃል ላይ ቮልት የሚበላ ነገር አለ።

የሚበላውም ብዙውን ጊዜ የኔጋቲቩ ገመድ ከሻንሲው ጋር የታሰረበት ብሎን ነው። ክረምቱን ሙሉ መንገዱ ላይ የሚበተነው ጨው ያንን ብሎን በሁለት ዓመት ውስጥ አረንጓዴና ቡናማ ዱቄት ያደርገዋል። አንድ ጋሼ የምንላቸው አባት ባለሙያ ነኝ ባይ ሰው አሳምኗቸው የማሞቂያውን የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ በሦስት መቶ ዶላር አስቀየሩ። በማግስቱም በረዷቸው። ከመኪናው ሥር ገብቼ ብሎኑን በጣቴ ስነካው ዞረ። መፍትሄው ርካሽ ነው፦ መጀመሪያ ባትሪውን ነቅላችሁ ብሎኑን ፍቱ፣ የገመዱን ጫፍና ብረቱን እስኪያበራ ድረስ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጉ፣ አዲስ ሮንዴላ አድርጋችሁ አጥብቁ፣ ላዩን ግራሶ ቀቡት።

ቮልቱ ራሱ ባትሪው ላይ ዝቅ ካለ ግን የኔን መዘምራን ታሪክ ስሙ። አሥራ አንድ ሰው ነበሩ፤ ከቤታቸው እስከ ምዕራብ ሜሪላንዱ ኪዘርስ ሪጅ ድረስ ኪቦርዱንና ድምፅ ማጉያውን በኢንቨርተር (የባትሪን ኤሌክትሪክ ወደ ቤት ኤሌክትሪክ በሚለውጥ ዕቃ) ሰክተው ተለማመዱ። ዝማሬው ያማረ ነበር አሉ። ማሞቂያው ማራገቢያ ብቻውን ከ7 እስከ 9 አምፔር ይወስዳል፤ 100 አምፔር ሰዓት ከሚባል የእርሳስ ባትሪ ሳይጎዳ የሚወጣው 50 ያህል ነው፤ ብርዱ ደግሞ ከዚያም ይቀንሳል። እኩለ ሌሊት ሳይሞላ አለቀ። «ግን እኮ ስንነዳ ዲናሞው ይሞላዋል» አሉኝ። አልሞላውም ነበር። ሞተሩን አስነሥተው የቤቱን ባትሪ፣ ማለትም የሞተሩን ሳይሆን ማሞቂያውን የሚያሠራውን፣ እንዲለኩ ነገርኳቸው፤ ከ13.5 በላይ መሆን ሲገባው 12 እንኳ አልሆነም። ሁለቱን ባትሪዎች የሚያገናኘው ሪሌ ሞቶ ነበር። የኪራይ መኪናዎች ላይ ይህን ደጋግሜ አይቻለሁ፤ አከራዩ ግቢ ውስጥ ከግድግዳ ሶኬት ሞልቶ ያስረክባችኋል፣ የመጀመሪያውን ሌሊት ታድራላችሁ፣ ከዚያ ወዲያ በራሳችሁ ናችሁ። መኪናውን ስትረከቡ ሞተር አስነሥታችሁ ሳትለኩ አትፈርሙ።

ለዚያ ሌሊት የሚሆነው፦ የጄኔሬተሩ ጭስ ማውጫ በበረዶ አለመሸፈኑን አረጋግጡ፣ ጄኔሬተሩን አስነሡና ባትሪው ከእርሱ ይሞላ። ሊቲየም ባትሪ ያለበት መኪና ከሆነ ከ0 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች እንደማይሞላ እወቁ፤ አስገድዳችሁ ከሞላችሁት ይበላሻል።

ቮልቱ ደህና ሆኖ አሁንም ጠቅታ ከሌለ ያቺ ምላስ በአቧራና በውሻ ፀጉር ተይዛለች። አጽዱ፣ ካልሆነ ቀይሩ። በሽቦ አገናኝታችሁ አትለፏት! ነፋስ ሳይኖር እሳት እንዳይነሣ የምትጠብቀው እርሷ ናት።

ማሞቂያው እምቢ ሲል የማይደረገው

የማብሰያ ምድጃውን ለኩሶ መተኛት። ለቡና የተቀጣጠለ ከሰል ወደ ውስጥ ማስገባት። የከሰል ጭስ ሰው እንደሚገድል ሀገር ቤት ሳለን ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ እዚህ መኪናው ምንጣፍ ስላለው የምንረሳው ለምን እንደሆነ አይገባኝም። የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያውን ከጀርባው አገላብጡና ቀኑን አንብቡ፤ አምራቾቹ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጡት ዕድሜ ከ5 እስከ 7 ዓመት ነው። ጮኸ ብላችሁ ባትሪውን አታውጡ። አንድ ወንድም አውጥቶ ትራስ ሥር አድርጎት አገኘሁ፤ ያን ቀን የተናገርኩት ለጉባኤ አይሆንም።

ይነፋል፣ ጠቅ ይላል፣ አይነድም

ምድጃውን ሞክሩ። እሳቱ ደካማ ከሆነ የሲሊንደሩን መክፈቻ በኃይል ስለከፈታችሁት መከላከያው ጋዙን ቀንሶታል፤ ሁሉን ዝጉ፣ ትንሽ ጠብቁ፣ ቀስ ብላችሁ ክፈቱ። «ፕሮፔኑ በረዶ ሆኗል» አትበሉኝ፤ ፕሮፔን እስከ 42 ዲግሪ ከዜሮ በታች ድረስ ይተናል፣ ኦሃዮ እዚያ አይደርስም። ማሞቂያው ከውጭ የሚተነፍስበትን ቀዳዳም እዩ፤ በበረዶ ወይም በተርብ ጎጆ ተደፍኖ ይገኛል።

ጄኔሬተሩ ነዳጅ እያለ ይጠፋል

የነዳጁ መለኪያ ከሩብ በታች ነው። ብዙ አርቪዎች ላይ የጄኔሬተሩ ቱቦ ከሩብ በታች እንዳይጠጣ ሆን ተብሎ አጥሮ ነው የተሠራው፣ ነድታችሁ እንድትወጡ። ካርቡሬተር ከመፍታታችሁ በፊት ነዳጅ ቅዱ።

ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ከሰካችሁ በኋላ መብራት ይጠፋል

ምጣዱ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ 1,500 ዋት ገደማ ይበላል፤ የአዳራሹ ተራ ሶኬት 15 አምፔር፣ ማለትም 1,800 ዋት ነው። ምጣዱን ጥዳችሁ ትንሿን የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ብትጨምሩ ይቆረጣል። ካልተቆረጠ ደግሞ የባሰ ነው፤ ከቅናሽ ሱቅ የተገዛ ቀጭን ማራዘሚያ በረዶ ላይ ቀልጦ ተጣብቆ አይቻለሁ። ቁጥር 12 ወይም ቁጥር 10 ሽቦ ያለው ማራዘሚያ ግዙ፣ ጥቅልሉን ሙሉ በሙሉ ዘርጉት። እኅቶቼ፣ እንጀራውን ቤት ጋግራችሁ ኑ።

የውኃ ቱቦ በረዶ ሠራ

ማሞቂያው ሲሠራ ይለቃል። የቱቦው ውኃ ተስፋፍቶ ከሰነጠቀው ግን ጎርፉ ሲቀልጥ ነው የሚመጣው፤ ፓምፑን አጥፉ።

ባልቲሞር ላይ ፖሊስ መለሰን

ይህ ብልሽት አይደለም፣ ግን ጉባኤው ፊላደልፊያ ወይም ኒው ጀርሲ በሆነ ዓመት ሁሉ ይደወልልኛል። በባልቲሞር ሁለቱ ዋሻዎች ከ10 ፓውንድ በላይ የሚይዝ የፕሮፔን ሲሊንደር አይገባም፤ የእናንተ ደግሞ ከዚያ ይበልጣል። መዝጋቱ አያድናችሁም። ድሮ በኪይ ድልድይ እንዞር ነበር፤ እርሱ እ.አ.አ. በመጋቢት 2024 መርከብ ገጭቶት ወደቀ። አሁን መንገዱ ከተማዋን በሚዞረው የ695 አውራ ጎዳና የምዕራቡ ጎን ነው። የስልኩ ካርታ ዋሻውን ስለሚመርጥ ሹፌሩ አጠገብ የተቀመጠ ሰው አይተኛ።