የፊት እግር ጎሚኒ በገዛ ግቢያችሁ ስትቀይሩ

አዲስ ጎሚኒ፣ ማለትም የፊት እግሩ ብረት ከመኪናው አካል ጋር የሚያያዝበትን ላስቲክ፣ ገጥሞ ሦስት ወር ሳይሞላው «ሻጩ አታለለኝ» እያለ የሚመጣውን ሰው መቁጠር ትቻለሁ። ሻጩ የሚያታልልበት ጊዜ አለ፤ አልክድም። አብዛኛውን ጊዜ ግን ዕቃው ደህና ነበር፤ የተበላሸው ብሎኑ ሲጠብቅ ነው።

አንድ የጎረቤት ልጅ በፈረንጆቹ 1990ዎቹ የተሠራች ኮሮላውን ይዞ መጣ። ፍሬን ሲይዝ መሪዋ ወደ ግራ ይስባል፣ ኮብልስቶን ላይ ከሥሯ ኳ ኳ ትላለች። ጎሚኒውን ክረምት ሳይገባ በገዛ እጁ ቀይሮታል። ብራቾውን፣ ጎሚኒው የሚገባበትንና ጎማውን ከመኪናዋ አካል ጋር የሚያያይዘውን የብረት ክንድ፣ አውርደን ሞርሳ ላይ አሰርነው። ላስቲኩ በውስጠኛው ቱቦ ዙሪያ የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ይዞ ተተርትሯል፤ የጥፍሬ ጫፍ ይገባበታል። ዳር ዳሩ ግን ገና ጥቁር ነው፣ የፋብሪካው ጽሑፍ እንኳን አልለቀቀም።

«ብሎኑን ስታጠብቅ መኪናዋ የት ነበረች?» አልኩት።

«ክሪክ ላይ ነበረች ጋሼ። ጎማው ወልቆ ነበር።»

ጎሚኒ ኩሽኔታ አይደለም፤ አይሽከረከርም። በውስጥ የብረት ቱቦ፣ በውጭ የብረት ቀለበት አለው፤ በመካከላቸው ያለው ላስቲክ ከሁለቱም ጋር በሙቀት ተጣብቋል። ብሎኑ ሲጠብቅ የውስጡ ቱቦ ተቆንጥጦ ይቆማል፤ የውጩ ቀለበት ከብራቾው ጋር ይወዛወዛል። በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት የሚሸከመው ላስቲኩ ነው፤ ይጠመዘዛል፣ ይመለሳል። ስለዚህ ብሎኑ የጠበቀበት ቦታ የላስቲኩ ማረፊያ ይሆናል። ጎማው ተንጠልጥሎ፣ ብራቾው ወደ ታች አዘንብሎ እያለ ካጠበቃችሁት መኪናው መሬት ሲነካ ላስቲኩ 15 ዲግሪ ያህል ተጠምዝዞ ይቀራል። ቆሞ እንኳን ተጠምዝዞ ያድራል። ጠዋት የመጀመሪያው ጉድጓድ ሲመጣ ተጨማሪው መጠምዘዝ የሚጀምረው ከዚያ ነው። ይህን ለስንት ሰው እንደነገርኩ አላውቅም፤ ሁሉም አዎ አዎ ይላል፤ ከዚያ ሄዶ ክሪክ ላይ ያጠብቃል፤ ምክንያቱም ክሪክ ላይ ቁልፍ ማዞር ይመቻል!

ትክክለኛው አሠራር ይኸው ነው። ብሎኖቹን አስገቡ፣ ዳዶው እስኪነካ ብቻ አዙሩና ተዉአቸው። ጎማውን ግጠሙ፣ መኪናውን አውርዱ፣ ከፊት በኩል ጥቂት ጊዜ ተጭናችሁ ልቀቁት፣ ትንሽ ወደፊትና ወደኋላ ግፉት። የመጨረሻውን ማጥበቅ በዚያ ሁኔታ ጨርሱ። ከሥር መግቢያ ከሌለ አራቱንም ጎማዎች በወፍራም ጣውላ ላይ አቁሙ። ኃይሉን በግምት አትስጡት፤ በብዙ መኪኖች ከ100 ኒውተን ሜትር በላይ ነው፣ 200 የሚነካም አለ። የመኪናችሁን ልክ ከመመሪያው አንብባችሁ ኃይሉን በሚለካ ቶርክ ቁልፍ አጥብቁ።

ብሎኬት ላይ መኪና አትደግፉ። ባዶ ሆዱ ብሎኬት አይታጠፍም፣ አያስጠነቅቅም፤ በአንድ ጊዜ ይፈርሳል። ክሪክም ማንሻ ነው እንጂ መደገፊያ አይደለም።

ግራሶን በተመለከተ እኔም ጥፋተኛ ነኝ። ሥራ በጀመርኩበት ዓመት አዲሱ ጎሚኒ አልገባ ሲለኝ በግራሶ አለስልሼ አስገባሁት። እንደ ቅቤ ገባ። በስድስተኛው ወር ላስቲኩ ውኃ ውስጥ እንዳደረ ሽምብራ አብጦ፣ በጣት ሲነኩት እየተላጠ ተመለሰልኝ። የነዳጅ ዘር የሆነ ቅባት ሁሉ የተፈጥሮ ላስቲክን ያበላሸዋል፤ የተቃጠለ ዘይትም ጭምር። የሳሙና ውኃ ይበቃል፤ ያንሸራትታል፣ ከዚያ ይደርቃል። በላስቲክ ፋንታ ፖሊዩሪቴን የሚባለውን ፕላስቲክ መሳይ ጎሚኒ የገዛ ሰው ሌላ ጉዳይ ነው፤ ያ በቱቦው ላይ የሚሽከረከር ስለሆነ የራሱ የሲሊኮን ቅባት ያስፈልገዋል።

አሮጌውን ለማውጣት እሳት የሚያነዱም አሉ። ጭሱ ጎረቤት ያጣላል፣ ለሳንባም መርዝ ነው፤ ብረቱም መጋል አያስፈልገውም። ላስቲኩን በመሰርሰሪያ በስታችሁ አውጡ፤ የቀረውን ቀለበት በሰጌቶ ምላጭ ሰንጥቁት። እዚህ ላይ እጃችሁን ያዙ፤ ምላጩ ቀለበቱን አልፎ ብራቾውን ከጫረው አዲሱ ጎሚኒ በዚያ በኩል ይላላል። ሞርሳና የጎሚኒውን ጠርዝ የሚያክል ቧንቧ ካላችሁ በቤት ውስጥ መግፋት ይቻላል። ከሌላችሁ ብራቾውን ይዛችሁ ፕሬስ ያለበት ቶርኖ ቤት ሂዱ፤ ነውር የለውም። በመዶሻ መሐሉን መምታት ግን የውስጡን ቱቦ ከላስቲኩ ያላቅቀዋል፤ መገፋት ያለበት የውጩ ቀለበት ብቻ ነው።

ሲገባ አቅጣጫውን እዩ። በተለይ የብራቾው የኋለኛው ትልቁ ጎሚኒ በአንዳንድ መኪኖች ላስቲኩ ውስጥ ክፍተት አለው፤ ክፍተቱ ያለ ምክንያት አልተቀመጠም። በዚያ በኩል ላስቲኩ ይለሰልሳል፣ በሌላው በኩል ይጠነክራል። አሮጌውን ከማውጣታችሁ በፊት ብራቾው ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጉ። ጠመኔ ይጠፋል የሚል ካለ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ያንሳ።

ቦል ጆይንቱ፣ ብራቾውን ከጎማው በኩል የሚያገናኘው ኳስ ያለው መገጣጠሚያ፣ አልላቀቅ ሲል ጀማሪ ሁሉ ዳዶው የሚገባበትን የጥርሱን ጫፍ ይቀጠቅጣል፤ ከዚያ ዳዶው አይመለስለትም። የሚመታው በጎን በኩል፣ ሾጣጣው የገባበት ብረት ነው። ከተላቀቀ በኋላ ሞዞውን፣ ጎማው የሚታሰርበትን ክፍል፣ በሽቦ እሰሩት፤ ካልታሰረ ወደ ውጭ ይወድቅና ጎማውን የሚያሽከረክረው ዘንግ፣ ሴሚያሱ፣ ከመገጣጠሚያው ይወጣል፣ የፍሬኑ ቱቦም ይወጠራል።

በአንዳንድ መኪኖች ደግሞ የብራቾው የፊተኛው ብሎን ካምቢዮውን እየገጨ አይወጣም፤ ካምቢዮውን ወይም ከሥር የሚሸከመውን ተሻጋሪ ብረት ጥቂት ዝቅ ማድረግ ይጠይቃል። ይህን እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ መኪናው ተፈታትቶ ካለቀ በኋላ አትወቁት።

አንዱን ጎን ብቻ አትቀይሩ።

ስለ መግዛት ትንሽ ልበል። ከ2012ቱ የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ወዲህ አሮጌ መኪና ማስገባት ከባድ ስለሆነ ሰው ያለውን እየጠገነ ይነዳል፤ የአዲስ አበባው የመለዋወጫ ገበያ ሶማሌ ተራም ይህን በደንብ ያውቃል። «ኦሪጅናል ነው» የሚለው ቃል ዋጋ እንጂ ጥራት አይነግራችሁም። አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ፣ የውጩን ስፋትና የውስጡን ቱቦ ርዝመት በካሊበር ለኩ። ላስቲኩ ከብረቱ ጋር የተጋጠመበትን ዳር በጥፍር ሞክሩ፤ ከወዲሁ የሚላጥ ከሆነ መልሱለት። ብራቾው ሙሉው ከነጎሚኒው የሚሸጥ ከሆነም ከቶርኖ ቤቱ ክፍያ ጋር አስልታችሁ አወዳድሩ፤ አንዳንዴ ልዩነቱ ለድካሙ አይበቃም።

መጀመሪያ ደግሞ የሚያንኳኳው ጎሚኒው መሆኑን አረጋግጡ። ረጅም ብረት አስገብታችሁ ብራቾውን ወደፊትና ወደኋላ ገፋ ስታደርጉ ነው የሚታየው። ቦል ጆይንትና መኪናው ኩርባ ላይ እንዳያዘነብል የሚይዘው የባራ ማያያዣም እንዲሁ ኳ ይላሉ። ከሥራው በኋላ ዊል አላይመንት (የጎማዎቹን አቅጣጫ ማስተካከል) ሳያሠሩ መንዳት የአዲስ ጎማ ጠርዝ በወራት ያስበላል።

ልጁ ሁለተኛ ጊዜ ሲሠራ ግቢው ሄጄ አየሁት። መኪናዋን ጣውላ ላይ አቁሞ፣ ከሥሯ ተኝቶ፣ ያጠበቀውን ብሎን ሁሉ በጠመኔ ነጥብ ያደርግበታል። «ጨረስኩ ጋሼ» አለኝ። አጎንብሼ ቆጠርኩ። የግራው የኋለኛ ብሎን ላይ ነጥብ የለም።