የገና የአጃ ኩኪስ አልሆን ሲል

የአጃ ኩኪስ በዘቢብና በተምር መጋገር ከባድ ሥራ አይደለም። ግን አዲስ አበባ ላይ ሆናችሁ የውጭ አገር አሠራር እንዳለ ከተከተላችሁ የሆነ ነገር አልሆን ይላል። ከተማዋ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ውሃ እዚህ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። የአየሩ ግፊት ዝቅ ስለሚል ሊጡ ቶሎ ይነፋል፣ እርጥበቱም ቶሎ ይተናል።

ስለዚህ ትሪውን ሞልታችሁ ከማስገባታችሁ በፊት አንድ ኩኪስ ብቻ ጋግሩ። ችግሩን እሱ ይነግራችኋል። ለገና ቀደም ብሎ የሚጋግር ሰው ጾም ላይ ከሆነ ቅቤና እንቁላል ያለበትን አይቀምስም፤ በዓይንና በእጅ መፍረድ አለበት። ቤት ውስጥ የማይጾም ሕፃን ካለ እሰየው፣ ቀማሽ ተገኘ።

መነሻችን ይህ ይሁን፦ 100 ግራም የገበታ ቅቤ፣ 100 ግራም ስኳር፣ 1 እንቁላል፣ 120 ግራም የፉርኖ ዱቄት፣ 130 ግራም አጃ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር፣ 100 ግራም ዘቢብና የተከተፈ ተምር፣ ቁንጥር ጨው፣ ትንሽ ቀረፋ። 180 ዲግሪ ላይ 12 ደቂቃ ገደማ።

ተዘርግቶ እንደ ቂጣ ሳሳ

መጀመሪያ ቅቤውን ጠርጥሩ። ጣት ሲነካው ጎድጎድ የሚል እንጂ የቀለጠ መሆን የለበትም። ሊጡ በዘይት ካብረቀረቀ ቅቤው ቀልጧል ማለት ነው። ፍሪጅ ውስጥ ግማሽ ሰዓት አስቀምጡት። በሙቅ ትሪ ላይ ሊጥ አታስቀምጡ፤ ሁለተኛው ዙር የሚበላሸው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው።

ቅቤው ደህና ከሆነ ወደ ከፍታው እንመለስ። ቤኪንግ ፓውደሩን በሩብ ቀንሱ፤ ከስኳሩም አንድ የሾርባ ማንኪያ አውጡ፣ ስኳር ሲቀልጥ ሊጡን ያላላዋልና። በሱ ፈንታ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዱቄት ጨምሩ። ሙቀቱን ወደ 190 ከፍ ካደረጋችሁት ደግሞ ጠርዙ ሳይዘረጋ ይይዛል። ያኔ ግን ሁለት ደቂቃ ቀድማችሁ እዩት።

ንጥር ቅቤ የተጠቀመም ይኖራል። ንጥር ቅቤ ውሃው ወጥቶ ንጹሕ ስብ ብቻ ስለሆነ ሊጡ አይያያዝም። ኮረሪማና በሶብላውም ዘቢቡን ይውጠዋል። እሱ ለዶሮው ይቀመጥ።

ሳይዘረጋ ድቡልቡል ሆኖ ቀረ

አጃው እርጥበቱን ጠጥቶታል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ወተት ጨምሩና ከመጋገሩ በፊት በመዳፍ ጫን በሉት።

ሲነሳ ይፈረፈራል

ብዙ ሰው ሳይቀዘቅዝ ስለሚያነሳው ነው። ኩኪስ ከኦቨን ሲወጣ ለስላሳ ነው፤ ትሪው ላይ 10 ደቂቃ ይቆይ። ያልበሰለ መስሏችሁ መልሳችሁ ካስገባችሁት ድንጋይ ይሆናል።

ቀዝቅዞም ከተፈረፈረ አጃውን እዩ። የሚፈለገው ተዳምጦ ጠፍጣፋ የሆነው፣ በፓኬት የሚሸጠው ነው። ከገበያ የተገዛ ሙሉ የአጃ ፍሬ በ12 ደቂቃ አይበስልም። ለአጥሚት የተፈጨው የአጃ ዱቄት ደግሞ ኩኪሱን ያፍነዋል።

የጾም ከሆነ የሚያያይዘው እንቁላል ስለሌለ መፈርፈሩ አይገርምም። መድኃኒቱ ተልባ ነው። 1 የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ በ3 የሾርባ ማንኪያ ውሃ በጥብጡና 10 ደቂቃ ተዉት። ሲዝለገለግ የአንድ እንቁላል ቦታ ይይዛል። በቅቤው ፈንታ 80 ግራም ዘይት ይበቃል። በእኔ ምላስ የተልባው ከእንቁላሉ ይበልጣል፤ ለውዝ ለውዝ ይላል።

ዘቢቡ አረረ፣ መረረ

ደርቆ ስለገባ ነው። ዘቢቡን በሞቀ ሻይ ወይም በብርቱካን ጭማቂ 15 ደቂቃ ዘፍዝፉት። ከዚያ አጥልላችሁ በጨርቅ አድርቁት፤ ውሃው አብሮ ከገባ ሊጡ ይላላል። ከላይ ብቅ ያለውን በጣት ወደ ውስጥ ግፉት። ማንጎ ወይም አናናስ ያማራችሁ የደረቀውን ፈልጉ፣ ትኩሱ ውሃ ይለቃል።

ከሥሩ አረረ፣ ከላዩ ጥሬ ነው

ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጡት ትናንሽ ኦቨኖች አመል ነው። የታችኛው ብረት ለትሪው ቅርብ ነው። ትሪውን መሐል ላይ አድርጉ፣ ከሥሩ ሌላ ትሪ ደርቡ፣ የመጋገሪያ ወረቀት አንጥፉ። ኦቨኑ 15 ደቂቃ ቀድሞ ይሙቅ።

መሐል ላይ መብራት ከጠፋ በሩን አትክፈቱ። ግማሹን ጊዜ ካለፈ በቀረው ሙቀት ሊደርስ ይችላል። ገና የገባ ከሆነ ግን አውጥታችሁ ሊጡን ፍሪጅ አስገቡት፤ መብራቱ እስኪመጣ በዚያው ቢቀመጥ ቅቤው ቀልጦ ይፈሳል።

ሳሙና ሳሙና ይላል

በቤኪንግ ፓውደር ፈንታ ያንኑ ያህል ቤኪንግ ሶዳ ገብቷል። ሶዳ ሦስት እጥፍ ያህል ይበረታል። የተጋገረው አይመለስም፤ ለሚቀጥለው መለያውን አንብቡ።

በማግሥቱ ደረቀ፣ ወይም ረጠበ

ትኩሱን ከከደናችሁት እንፋሎቱ ያረጥበዋል። ሙሉ በሙሉ ይቀዝቅዝ። ከደረቀባችሁ ክዳን ባለው ዕቃ ውስጥ አንድ ቁራሽ ዳቦ ጨምራችሁ አሳድሩት፤ ከዳቦው እርጥበት ስቦ ይለሰልሳል። ጠዋት ዳቦውን አውጡት፣ ካልሆነ ይሻግታል።